ያልታጠፈው ጣት

ሽማግሌውን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ ዳር ካለው አፓርታማቸው አነሳና ወደ ኩላሊት እጥበት አደርሳቸው ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ በዊልቸር የሚሄዱ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጨርሶ መሄድ የማይችሉ ሕሙማንን በቫን ማመላለስ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ያንቀላፋሉ። እሳቸው አያንቀላፉም። ሰማኒያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረዥም፣ ከሲታ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ከኋላ በላስቲክ የሚያስሩ አሜሪካዊ ናቸው። ገና ሲትቤልቱን ሳላስርላቸው ስለ አየሩ ያማርራሉ፣ ስለ ነርሶቹ ያማርራሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ራዲዮ ላይ ስለሚሰሙት ዘፈን ያማርራሉ። "ይኼን አጥፋው" ይሉኛል። አጠፋዋለሁ። "ዝም ያለ መኪና ደግሞ የሬሳ መኪና ይመስላል፤ ሌላ ክፈት" ይሉኛል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ሁሌም እርስዎ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

በሚያዝያ ወር በአንድ ረቡዕ ቀን እርጥብ በረዶ ይጥል ነበር። ራዲዮውን ሦስቴ ካስቀየሩኝ በኋላ ሰለቸኝና ስልኬን ከቫኑ ጋር አገናኝቼ የራሴን ሙዚቃ ከፈትኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የምንጫወትበት ሰርግ ስለነበር ዘፈኖቹን በጆሮዬ ማለፍ ነበረብኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ጊታር እጫወታለሁ፤ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ኦሮራና ዴንቨር ውስጥ ሐበሻ የሚያገባበት አዳራሽ ሁሉ አንጠፋም።

መጀመሪያ የወጣው አዲስ አበባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የቀረጽነው ዘፈን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰርግ ሄዶ ለሚያውቅ ሰው መግቢያውን ባፏጭለት ይበቃዋል። ጊታር ብቻውን ስምንት ድምፅ ይመታል። ሰባቱ ተከታትለው ይመጣሉ። ስምንተኛው በሰዓቱ አይመጣም፤ ይዘገያል፣ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ከታች ተንሸራቶ ወደ ላይ ይወጣል። ትከሻ የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። ከበሮው የሚገባውም እዚያው ነው።

ያቺ መዘግየት እንጀራዬ ባትሆንም ስሜ ነበረች። አገር ቤት ሰው የሚያውቀው ዘፋኙን ነው፤ እዚህ ግን እኔን ያውቁኛል። ከአዲስ ሰው ጋር ሲያስተዋውቁኝ "ያንን መግቢያ የፈጠረው እሱ እኮ ነው" ይላሉ። አንድም ቀን አይደለሁም ብዬ አላውቅም፤ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። ከእኔ በኋላ የመጡ የአዲስ አበባ ጊታሪስቶች ያችኑ መዘግየት እያጠኑ አደጉ፣ በየዘፈናቸው ከተቷት። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ስለዚህ ነገር ድርሰት ጽፋ መምህሯ ግድግዳ ላይ ለጥፈውላት ነበር።

ሽማግሌው ከኋላ ወንበር አንገታቸውን አሰገጉ።

"ማን ነው የሚጫወተው?"

"እኔ ነኝ" አልኳቸው፣ በመስታወቱ እያየኋቸው፣ ኮራ ብዬ።

"አይደለህም።"

ሳቅሁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው አልኳቸው፤ ስቱዲዮው እንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳው ላይ የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነበር አልኳቸው።

"ጣቶቹ ያንተ ናቸው፣ አልካድኩም። መኪናዋን አቁማት።"

ቀጠሯቸው ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢቀረውም የድምፃቸው አወጣጥ አላስቻለኝም። ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ አንድ የተዘጋ ጎማ ቤት በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ስልካቸውን ነካክተው አንድ ቀረጻ ከፈቱ። መጀመሪያ የሕዝብ ጫጫታ መጣ፣ ከዚያ ጊታር። ሰባት ድምፅ። ከዚያ መዘግየት። ከዚያ ስምንተኛው፣ ከታች ተንሸራቶ።

ጆሮዬን አተኮሰኝ። ሌላ የሚገልጸው ቃል የለኝም።

የሚጫወተው ሰውዬ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሠላሳ ሳይሞላው ሜዳ መሐል መኪናው ተገልብጣ የሞተ የሮክ ጊታሪስት ነው፤ ስሙን ጊታር የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር። ከስሙ በቀር አንድም ዘፈኑን ጆሮ ሰጥቼ ሰምቼዋለሁ ብዬ ግን አላስብም ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ለሁለት በጋ የእሱን ጊታር ይቃኙ፣ ክር ይቀይሩ፣ አምፕሊፋየሩን ይሸከሙ እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። በሁለት ዓመት ምልልሳችን ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር።

"ለምን እንደሚዘገይ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ለውበት ነዋ።"

"ለውበት!" ትንሿን የግራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አሳዩኝ። "ልጅ ሆኖ የከብት በረት በር ቀጥቅጦታል። ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። ሌላው ሰው በትንሿ ጣቱ የሚነካትን ድምፅ እሱ ለመንካት እጁን በሙሉ ወደ ላይ መጎተት ነበረበት። እስኪደርስ ይዘገያል። ይኸው ነው ነገሩ።"

አሥራ አምስት ደቂቃ አርፍደን ደረስን። ነርሷ እኔን ተቆጣች። ሽማግሌው ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገሩልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። የምንኖረው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው፤ አውሮፕላኖቹ ጣራችን ላይ ዝቅ ብለው የሚያልፉበት። ከሥራ እመለሳለሁ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ ጋራዥ እገባለሁ፣ ጊታሩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሰፈሩን እዞራለሁ። ሚስቴ "ምነው ምጥ የያዛት ድመት መሰልክ፣ ቁጭ በል እንጂ" ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ወዲያው እነሳለሁ። ንጹሑን ቫን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

በሁለት ሕሙማን መካከል ባገኘኋት ክፍተት ሁሉ የሟቹን ቀረጻዎች በተራ ሰማሁ። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሌላ ሙዚቃ መስማት አልቻልኩም፤ ሁሉም ውስጥ እሱን እሰማዋለሁ። ሴንቴኒያል ከምትባል ጎረቤት ከተማ የማመላልሳቸው ሴትዮ በሚወዱት የካውቦይ ሙዚቃ ጣቢያ ላይ አለ። ግሮሰሪ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ከጣራው በሚወርደው ለስላሳ ዘፈን ላይ አለ። አንዷ ስፓኒሽ ተናጋሪ ታማሚዬ በምታዳምጠው መዝሙር ላይ፣ ጊታሩ በአኮርዲዮን ተተክቶ፣ ያቺው ድምፅ ዘግይታ ትመጣለች። ልጄ ክፍሏ ውስጥ በምትከፍተው፣ ከሰው ይልቅ ኮምፒውተር በሠራው ዳንኪራ ውስጥ እንኳ አለች። ሬሳው የት እንደተቀበረ አላውቅም፤ እጁ ግን አልተቀበረም። እና እነዚያ ሁሉ ቢያንስ ከማን እንደወሰዱ ያውቁ ይሆናል እያልኩ በእነሱ እቀና ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌውን አስገብቼ ስወጣ አዲስ አበባ መምሸት ይጀምራል። ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ የድሮ የባንድ መሪያችን ጋ ደወልኩ። ጊታር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ሰላምታው አልቆ ሚስቴን፣ ልጄን፣ አየሩን ከጠየቁ በኋላ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ያ መግቢያ የኔ ነው?"

እስኪያስላቸው ሳቁ።

"አርባ ዓመት ሙሉ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ!"

"የማን ነው ታዲያ?"

"አንተ ታይፎይድ ይዞህ እኔ ቤት ተኝተህ የለም እንዴ? ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝህ ሳምንት ከረመች። ውጭ አገር የሚመላለስ ጎረቤት ያመጣልኝ አንድ ካሴት ነበረኝ። እንዳይጨንቅህ ብዬ አጠገብህ አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ እያገላበጥኩ እከፍትልህ ነበር። የዚያ ሰውዬ ነበር።"

"አላስታውስም፣ ጋሼ።"

"ትኩሳትህ አርባ ደርሶ ምን ታስታውሳለህ? ድነህ በተነሳህ በሁለተኛው ሳምንት ያቺን ነገር ይዘህ ከተፍ አልክ። 'ይችን ስሙልኝ፣ አሁን መጣችልኝ' አልከኝ። ዓይን ዓይንህን አየሁህ። የሌባ ዓይን አልነበረም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ጊታሩን ጥለህ ትሄድ ነበራ! እኔ ደግሞ ሌላ ጊታሪስት አልነበረኝም።"

ከዚያ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ሰውዬው ቀጥ ባለ ምት ነው የተጫወታት፣ አንተ ወደ እኛ ጭፈራ ምት አዞርካት፣ ወደ ባቲ ቅኝት አስጠጋሃት፣ ይኼ ቀላል ሥራ ነው ወይ አሉኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ሊቀለኝ ይገባ ነበር፤ አልቀለለኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ካሴቱን ማስታወስ ጀመርኩ። ክዳኑ የተሰበረ ቴፕ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። ግን ይኼን ሁሉ ከራሴ እያስታወስኩ ነው ወይስ አሁን ጋሼ ከነገሩኝ እየሠራሁት ነው? ብርድ ልብሱን አልነገሩኝም። ግራጫ መሆኑን ከየት አመጣሁት? ቀኑን ሙሉ ይኼን ሳመላልስ ሁለት የአውራ ጎዳና መውጫ አልፌ ሄድኩ።

ለልጄ መንገር የግድ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዴንቨር ኮሌጅ ትማራለች፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ለአንድ ትምህርቷ ቤተሰብ ውስጥ ስላለ ሙዚቃ ገለጻ እያዘጋጀች ነበር። በማግስቱ ወደ ባቡሩ ስወስዳት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፍታ "አባዬ፣ ስላይዱን ላሳይህ" አለችኝ። ቀይ መብራት ላይ አየሁት። አፍሮ ያጎፈርኩበት፣ ጊታሬን እንደ ሕፃን ያቀፍኩበት ፎቶ ነው። ከሥሩ በትልቁ በእንግሊዝኛ ይህን የፈጠረ ሰው ይላል።

ነገርኳት። ሽማግሌውን፣ ጣቱን፣ ካሴቱን፣ ሁሉንም።

ስትናደድ እንግሊዝኛዋ ነው የሚቀድመው። "ዲድ ዩ ኖው?" አለችኝ። ወዲያው በአማርኛ ደገመችው። "ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም።"

"ማወቅህን አታውቅም?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

"ለሰው ሁሉ እኮ ነግሬአለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ለሰው ሁሉ።" ባቡሩ ጣቢያ ስንደርስ ወረደች። በሩን በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከሰላምታ በቀር አላወራችኝም።

ቅዳሜ ኦሮራ አዳራሹ ውስጥ ገመድ ስንዘረጋ ለኪቦርዲስታችን ነገርኩት። ሰባ ያለፈው ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በሥራ ቀን ታክሲ የሚነዳ፣ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ አማርኛ የሚናገር።

"እና?" አለኝ፣ ከተንበረከከበት ቀና ሳይል። "እኔ አሥመራ ልጅ ሆኜ የተጫወትኩት በሙሉ ከጣሊያን፣ ከሱዳንና ከአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ የለቀምኩት ነው። አንተ አንዲት ወስደህ ሳምንት ሙሉ ፊትህን እንዲህ ካጨፈገግህ እኔ ገዳም ልግባ በላ!"

"አንተ እንደወሰድክ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።" ገመዱን ሰካና "እሱ ይሻላል ወይ?" አለኝ።

መድረክ መሪው ሁልጊዜ ያቺን ዘፈን ከመጀመራችን በፊት "አሁን የዚህ መግቢያ ፈጣሪ" እያለ ያስጨበጭብልኛል። ጠራሁትና ዛሬ እንዳትል አልኩት።

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ምንም አትበል።"

"እሺ፣ ምን ገዶኝ" አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ምላሱ የለመደውን አለ፤ ፈጣሪው፣ ባለቤቱ፣ ኩራታችን! አዳራሹ ጨበጨበ። እኔ ደግሞ ሳላስበው ማይኩን ከእጁ ወሰድኩ። ይኼን መግቢያ አልፈጠርኩትም አልኩ። የአንድ የሞተ አሜሪካዊ ነው አልኩ። ታምሜ ሳለሁ ሰምቼው ይሆናል አልኩ። ሳምንት ሙሉ የፈራሁት ነገር ይኼ ነበር፤ ሰው ያጉረመርማል፣ ያፏጫል ብዬ ነበር።

ማንም ግድ አልሰጠውም። ከኋላ አንዱ "አታውራ፣ ግባበት!" ብሎ ጮኸ። የሙሽሪት አክስት መሰሉኝ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ከፊት ወንበር "ኧረ ተወው የኔ ልጅ፣ ሙሽሮቹ ቆመው ቀሩ እኮ!" አሉኝ። ሰው ሳቀ። ማይኩን መለስኩ።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ፤ እልህ ነው መሰለኝ። ሰባቱን መታሁ፣ ስምንተኛውን ሳላዘገይ በሰዓቱ መታሁት። የእኔ ጣት ይታጠፋል፤ ምን ቸገረኝ?

መድረኩ ፊት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ትከሻውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ድምፁ ቀድሟቸው አለፈ፣ ትከሻቸው ባዶ ላይ ወረደ። ሁለት ሚዜዎች ተጋጩ። ከበሮው ሳተ። ሙሽሪት ዘወር ብላ አየችኝ፤ ተቆጥታ ሳይሆን ምን ሆነ ብሎ እንደሚፈራ ሰው። ኪቦርዲስታችን በጥርሱ መካከል "እረፍ!" አለኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ አዘገየሁት፣ አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ወረደ። የሙሽራው እናት ባለፈው ወር ነው ከደብረ ብርሃን የመጡት፤ ሮክ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ትከሻቸው ግን የዚያን ሰውዬ ጣት ጠብቆ ነበር የሚወርደው። እስከ ፕሮግራሙ ማብቂያ ከእሳቸው ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ሰኞ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። አላማረሩም። ሴትየዋ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ትከሻው ወደ ፊት ነው ወደ ታች የሚሄደው፣ ሁሉም ሰው ነው ወይስ ጥቂቱ፣ እያሉ እንደ ፖሊስ ጠየቁኝ። ቪዲዮ ላሳይዎ አልኳቸው። "በዓይኔ ነው የማየው" አሉ።

የዚያ ሰርግ መልስ በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴንቴኒያል ውስጥ በዘመድ ቤት ጓሮ ነበር። ባለቤቶቹን አንድ እንግዳ ላምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ብቻ? አሉኝ። ለልጄም የሟቹን ጊታር ይቃኙ የነበሩት ሰውዬ ይመጣሉ አልኳት። መቅረጫዋን ይዛ መኪና ውስጥ ገብታ ጠበቀችኝ።

ሽማግሌው ብረት ቀለም ያለው ክራባት አድርገው መጡ። ዊልቸራቸውን ድንኳኑ ጥላ ሥር እንዳቆምነው ሴቶቹ ከበቧቸው። የኩላሊት ሕመምተኛ ጨው፣ ቲማቲም፣ ብዙ ውኃ አይነካም፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሳይበላ የተቀመጠ ሽማግሌ ማየት አይወድም። አንዷ ስታጎርስ አንዷ ሌላ ጉርሻ ጠቅልላ ትጠብቃለች። ልጄ መሐላቸው ቆማ "ታመዋል፣ አይችሉም፣ በናታችሁ" እያለች በሁለት ቋንቋ ስትከላከል ዋለች። እሳቸው አፋቸውን ሞልተው "በሕይወቴ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም" አሏት።

ያቺን ዘፈን ስንጀምር ከጊታሬ ቀና ብዬ እሳቸውን ብቻ አየሁ። ሳሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ሕፃናቱ ጭምር፣ አንድ ላይ ሲወርድ በሁለት እጃቸው የዊልቸራቸውን ክንድ ጨበጡ። አለቀሱ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር፤ አላለቀሱም። ፊታቸው ተኮሳተረ። ዘፈኑ ሳያልቅ ለልጄ አንድ ነገር ነገሯት፤ ውሰዱኝ ማለታቸው ነበር።

አለበስኳቸው፣ ጫንኳቸው፣ አሰርኳቸው። መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው የተናገሩት።

"በጣም ታቆያታለህ።"

"ማንን?"

"ስምንተኛዋን። እሱ እንደዚህ አያቆያትም ነበር። እሱ እኮ ሊደርስባት እየሮጠ ነበር። አንተ ቁጭ ብለህ ትጠብቃታለህ።"

ልጄ ከጎናቸው ሆና መቅረጫውን አስጠጋች። "ሰውዬው ግን ይወዳት ነበር? መዘግየቷን?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ይጠላት ነበር። በየቀኑ ከመድረክ በፊት በሰዓቱ ለመድረስ ይለማመድ ነበር። ሲያቅተው ጊታሩን ይወረውርልኛል፣ እኔ እቀልባለሁ።"

"ዛሬ የተደረገውን ቢያይ ይስቅ ነበር?"

"ይናደድ ነበር" አሏት። "ከዚያ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። እኔ አልቻልኩም።"

ከዚያ በኋላ ልጄ በራሷ ጊዜ አፓርታማቸው እየሄደች ታናግራቸው ጀመር። እኔን ማናገሯም ከዚያው ጋር ተመለሰ፤ መቼ እንደተመለሰ ለይቼ አላውቅም።

ገለጻዋን ባቀረበች ቀን እኔም ሽማግሌውም የክፍሉ መጨረሻ ረድፍ ላይ ነበርን። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ያያሉ። ያ የአፍሮ ፎቶዬ አሁንም ነበር፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ጠፍቷል። ሦስት ቀረጻ አከታትላ ከፈተች፤ የሟቹን፣ የእኔን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ ሰሞኑን የወጣ፣ የእኔን ስም እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ የሚጫወተውን። ሦስተኛው ሲመጣ ስልክ የሚያዩት ቀና አሉ። ሽማግሌው ጆሮዬ ሥር "ይኼኛው ይሮጣል" አሉኝ። ቀናሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁ።

ከዚያ ልጄ ስለ ታይፎይዱ ተናገረች። "አባቴ ያውቅ እንደነበር ጠየቅሁት፤ አላውቅም አለኝ። መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር። አሁን አምኜዋለሁ" አለች በእንግሊዝኛ፣ ዓይኗን ወደ እኔ ሳታነሳ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ ታዲያ የማን ነው ልንል ነው አላት። የምትመልሰው ነገር ያዘጋጀች መስሎኝ ነበር። ትከሻዋን ነቅንቃ "እስካሁን አልወሰንኩም" አለችው፣ ተቀመጠች።

እሷ ካመነችኝ እኔም ራሴን ማመን ነበረብኝ። አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። አንዳንድ ቀን ብርድ ልብሱ ግራጫ ነበር እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ብርድ ልብስም አልነበረም እላለሁ። ጊታር ግን አላቆምኩም። ስምንተኛዋ ላይ ስደርስ ልጠብቃት ወይስ ልሩጥ እያልኩ በየሰርጉ እጄ ያመነታል፤ ሰው አላወቀብኝም፣ ኪቦርዲስታችን ብቻ አውቆብኛል።

ከክፍሉ ስንወጣ ሽማግሌውን ቤታቸው ካደረስኩ በኋላ ሴንቴኒያል የሚጠብቁኝ ታማሚ ነበሩ። ተቻኩዬ ቫኑን ስከፍት ልጄ ቦርሳዋን ወርውራ ፊት ወንበር ገባች።

"ክላስ የለሽም?"

"አለኝ።" ሲትቤልቷን አሰረች። "አባዬ፣ ያኔ ታይፎይድ ሲይዝህ ለምን ሰው ቤት ተኛህ? እናትህ የት ነበረች?"

ይኼን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሚስቴም። ስለዚያ ዓመት ስጠየቅ የምናገረው ሁልጊዜ ስለ ጊታር ነበር። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው ምን አለችህ አሉኝ፤ ተረጎምኩላቸው፤ እሳቸውም ጠበቁ። ሞተሩን አስነሳሁና እናቴ የነበረችበትን ከተማ፣ መንገዱ ለምን እንደተዘጋ፣ የጋሼ ባለቤት ደግሞ እናቴን ሳያውቋት ለእኔ በየቀኑ ገንፎ ሲያገነፉ እንደከረሙ መንገር ጀመርኩ። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ ገና መጀመሪያው ላይ ነበርኩ።